ለቆየ ዴስክቶፕ ግራፊክስ ካርድ ሲመረጥ፦ ከካርዱ በፊት ኬዙን መክፈት

በአዲስ አበባ ሱቆችና በቴሌግራም ቻናሎች ከሚሸጡት ያገለገሉ ዴስክቶፖች ብዙዎቹ በውጭ አገር ቢሮዎች ሲሠሩ የቆዩ ናቸው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክና ሌኖቮ ቲንክሴንተር በየቤቱና በየቢሮው የተለመዱ ስሞች ሆነዋል። ጠንካራ ማሽኖች ናቸው። አሥር ዓመት ካለፋቸው በኋላም ደብዳቤ ለመጻፍ፣ ሒሳብ ለመሥራትና ኢንተርኔት ለመጠቀም አያሳፍሩም። የሚቸገሩት ባለቤታቸው ቪዲዮ ለማቀናበር፣ የሕንፃ ዲዛይን ሬንደር ለማድረግ (ወደ ተጠናቀቀ ምስል ለመቀየር) ወይም አዳዲስ ጌሞችን ለመጫወት ሲነሣ ነው። ያኔ ከየአቅጣጫው የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ ግራፊክስ ካርድ (ምስል የሚያዘጋጀውን ተጨማሪ ክፍል) ግዛበት።

ምክሩ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው፤ የሚበላሸው በቅደም ተከተሉ ነው። ሰው ካርዱን አስቀድሞ ይመርጣል፣ ገንዘቡን ይከፍላል፣ ቤቱ ሲደርስ ግን ካርዱ አይገባም፤ ወይም ይገባና ኃይል አያገኝም። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። ስለዚህ አጥብቄ የምለው ይህንን ነው፦ በቆየ ዴስክቶፕ ላይ የካርዱን ዓይነት የሚወስኑት ፓወር ሰፕላዩ (ኃይል ሰጪው)፣ ኬዙና ማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ) ናቸው። የእርስዎ ፍላጎትና በጀት የሚመጡት እነሱ በፈቀዱት ወሰን ውስጥ ነው።

የሚያዘገየው የትኛው ክፍል ነው?

ኮምፒውተሩ ተነሥቶ ለመረጋጋት ደቂቃዎች የሚፈጅበት፣ ፋይል ለመክፈት የሚያቅማማ ከሆነ ጥፋቱ የግራፊክስ አይደለም። ምናልባት አሁንም በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ነው፤ መድኃኒቱም ኤስኤስዲ የሚባለው የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ ነው። ራሙ 4 ጊጋባይት ብቻ ከሆነም ካርድ ከመግዛት በፊት ራም መጨመር ይቀድማል። ሁለቱም ከግራፊክስ ካርድ ይረክሳሉ።

ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ማሽኑን የሚያስጨንቀውን ሥራ ይክፈቱ፤ ሥራው እየሄደ ሳለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ይጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ በሚለው ገጽ ላይ ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ፣ ዲስኩና ግራፊክሱ እያንዳንዳቸው ምን ያህል እንደተጠመዱ በመቶኛ ይታያል። ግራፊክሱ 100 አካባቢ ደርሶ ሌሎቹ ዘና ካሉ ካርድ ይጠቅምዎታል። ፕሮሰሰሩ 100 ላይ ተጣብቆ ግራፊክሱ 40 ላይ ከሆነ ግን አዲስ ካርድ ቢገዙም ልዩነቱ እምብዛም አይታይም። በሦስተኛው ትውልድ የኢንቴል ኮር ፕሮሰሰርና ከዚያ በፊት በነበሩት ላይ አብሮ የተሠራው ግራፊክስ በዚህ ገጽ ላይ ላይታይ ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ የፕሮሰሰሩን መቶኛ ብቻ ይዞ መፍረድ ነው። ለጌም ተጫዋቾች ሌላ መፈተኛ አለ፦ የጌሙን ሪዞሉሽን ዝቅ ያድርጉት። ፍጥነቱ ከጨመረ ማነቆው ግራፊክሱ ነበር፤ ካልተለወጠ ፕሮሰሰሩ ነው።

የሥራው ዓይነትም ይለያያል። በአውቶካድ መደበኛ የወለል ፕላን ለሚሥል ሰው ትልቅ ካርድ የሚጨምርለት ነገር ጥቂት ነው፤ ሥራው በአብዛኛው የፕሮሰሰር ነው። በሉሚዮን ሬንደር የሚያደርግ አርክቴክት ደግሞ ያለ ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ አንድ እርምጃ አይራመድም። ለእሱ በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ትንንሽ ካርዶች ለልምምድና ለአነስተኛ ሥራ ብቻ ይሆናሉ፤ ለሙያው የሚያስፈልገው ሌላ ማሽን ነው።

የቪዲዮ ሥራ ግን በዝርዝር ሊታይ ይገባዋል፤ ብዙ የሠርግና የዩቲዩብ ባለሙያዎች የሚሠሩት በእነዚህ ማሽኖች ነውና። የዘመኑ ስልኮች ቪዲዮን የሚያምቁት ብዙ ጊዜ ኤችኢቪሲ በሚባለው ዘዴ ነው፤ ኤች265 ተብሎም ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አራተኛው ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ይህን የሚፈታ የተለየ ክፍል የለውም። ስለዚህ ሸክሙ በሙሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቅና ምስሉ እየተቆራረጠ ይሄዳል፤ ባለሙያው "ኮምፒውተሩ አረጀ" ይላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የኤንቪዲያ ካርድ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ እንኳን ይህን ሥራ የሚሠራ ክፍል አለው። ለዚህ ሰው አነስተኛ ካርድ የሚያመጣው ለውጥ ለጌም ተጫዋቹ ከሚያመጣው ይበልጣል። የካርዱን ራም ግን ከ4 ጊጋባይት አያሳንሱ። የቪዲዮ ማቀናበሪያው ዳቪንቺ ሪዞልቭ ባለ 2 ጊጋባይት ካርድ ላይ ጥቂት ማጣሪያ ሲደረብበት የግራፊክስ ራሙ ሞልቷል የሚል መልእክት አውጥቶ ይቆማል።

ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት

ኮምፒውተሩን ያጥፉ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ይንቀሉ፣ የጎን ክዳኑን ያንሡ። ገመዱ ይሰካበት የነበረው የብረት ሳጥን ፓወር ሰፕላዩ ነው፤ በጎኑ ሠንጠረዥ ያለበት ወረቀት ተለጥፎበታል። ጠቅላላ ዋቱ በጉልህ ተጽፏል፤ እርስዎ የሚፈልጉት ግን 12 ቮልት የሚለውን ዓምድ ነው። ግራፊክስ ካርዱም ፕሮሰሰሩም በዋናነት የሚመገቡት ከዚያ ነው። ከሥሩ ያለውን አምፔር በ12 ያባዙ። 18 አምፔር ካለ 216 ዋት ነው ማለት ነው።

ለምሳሌ በገበያችን በብዛት የሚገኘውን ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 እንውሰድ። የትልቁ ኬዝ ፓወር ሰፕላይ 290 ዋት፣ የጠባቡ ደግሞ 255 ዋት ነው። በውስጡ የአራተኛው ትውልድ ኮር አይ5 4590 ካለ ፕሮሰሰሩ ሲጨናነቅ እስከ 84 ዋት ይወስዳል። ማዘርቦርዱ፣ ራሙ፣ ዲስኩና ፋኖቹ የየድርሻቸውን ሲያነሡ ለግራፊክስ ካርድ በልበ ሙሉነት ሊሰጥ የሚችለው 75 ዋት ገደማ ነው።

75 የምትለዋን ቁጥር ይያዟት። ካርዱ የሚሰካበት ፒሲአይ ኤክስፕረስ ማስገቢያ ራሱ መስጠት የሚችለው ከፍተኛው ኃይል ይኸው ነው። ከዚያ በላይ የሚበላ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የሚመጣ ተጨማሪ ገመድ ይፈልጋል፤ ባለ 6 ፒኑ ሌላ 75 ዋት፣ ባለ 8 ፒኑ 150 ዋት ይሰጣል። የቢሮ ዴስክቶፖች ፓወር ሰፕላይ ግን እነዚህን ገመዶች አብዛኛውን ጊዜ የለውም። በመሆኑም ለእነዚህ ማሽኖች ሕጉ አጭር ነው፦ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልግ ካርድ።

እዚህ ላይ ሻጩ "ችግር የለም፣ መቀየሪያ አለ" ብሎ የሲዲ ማጫወቻውን ወይም የዲስኩን ሳታ ገመድ ወደ ባለ 6 ፒን የሚቀይር ትንሽ ኬብል ሊሰጥዎ ይችላል። አይቀበሉት። የሳታ ማያያዣ በ12 ቮልት እንዲያሳልፍ የተሠራው 4.5 አምፔር ብቻ ነው፤ ይህም 54 ዋት ነው። ካርዱ 75 ሲጠይቀው ማያያዣው ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። ቤተሰብ በተኛበት ሌሊት ሬንደር እየሠራ በሚያድር ማሽን ላይ ይህ የሚሞከር ነገር አይደለም።

ፓወር ሰፕላዩን በሌላ መለወጥ ይቻላል፤ ግን ቀድሞ የሚታይ ነገር አለ። መደበኛው ወደ ማዘርቦርድ የሚገባው ገመድ ባለ 24 ፒን ነው። ኦፕቲፕሌክስ 9020 ግን ባለ 8 ፒን ይጠቀማል፤ ኤሊትዴስክ 800 ጂ1 ደግሞ ባለ 6 ፒን ነው። ስለዚህ ለዚያው ሞዴል የተሠራ መቀየሪያ ያስፈልጋል። ከጠባቡ ኬዝ ጋር ደግሞ የተለመደው መጠን ያለው ፓወር ሰፕላይ ጭራሽ አይገጥምም። በርካሽ የሚሸጡ፣ 500 ዋት ተብሎ የተጻፈባቸው፣ በእጅ ሲያነሷቸው የሚቀሉ ፓወር ሰፕላዮችን ከመግዛት ፋብሪካው የሰጠውን 290 ዋት ይዞ መቆየት በእጅጉ ይሻላል።

መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ የሚኖሩ ከሆነ ዩፒኤሱንም ያስቡበት። 650 ቪኤ ተብሎ የሚሸጥ ዩፒኤስ የሚሸከመው ዋት ከ650 በደንብ ያንሳል፤ ትክክለኛው ቁጥር ከጀርባው ተጽፎ ይገኛል።

ኬዙና ማስገቢያው

ተመሳሳይ ሞዴል በሦስት ዓይነት ኬዝ ይመጣል። ትልቁ ወይም ታወር የሚባለው መደበኛ ቁመት ያለውን ካርድ ይቀበላል። ጠባቡ ዓይነት ካርዱ ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው፣ ሎው ፕሮፋይል የሚባለው እንዲሆን ያስገድዳል፤ ከካርዱ ጋር አጭሩ የብረት ማሰሪያ መኖሩን ሳያረጋግጡ አይክፈሉ። መጽሐፍ የሚያክለው ትንሹ ማሽን ግን የግራፊክስ ካርድ ማስገቢያ የለውም፤ ለእሱ ውይይቱ እዚህ ያበቃል።

በጠባቡ ኬዝ ውስጥ ውፍረትም ይቆጠራል። በአንዳንዶቹ ዋናው ማስገቢያ ወደ ፓወር ሰፕላዩ የተጠጋ ስለሆነ የሁለት ማስገቢያ ቦታ የሚይዝ ወፍራም ካርድ አይገባም። ሜትር ይዘው ይለኩ፤ ርዝመቱንም ጭምር፣ ምክንያቱም የዲስክ መያዣው ፊት ለፊት ሊገታው ይችላል።

ሌላው ስውር ነገር የማስገቢያው ስፋት ነው። ብዙዎቹ ማዘርቦርዶች ሁለት ረጃጅም ማስገቢያዎች አሏቸው፤ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ አንደኛው ግን በውስጡ የተዘረጋለት አራት የመረጃ መስመር ብቻ ነው። ሙሉ 16 መስመር ያለው አብዛኛውን ጊዜ ለፕሮሰሰሩ የሚቀርበው ነው። የመስመሩ ፍጥነት ደግሞ በትውልድ ይለያል። ሁለተኛው ትውልድ የኢንቴል ኮር ፒሲአይ ኤክስፕረስ 2.0 ነው፤ በአንድ መስመር በሰከንድ ግማሽ ጊጋባይት ያሳልፋል። ከሦስተኛው ትውልድ ጀምሮ 3.0 ሆነና ወደ አንድ ጊጋባይት ተጠጋ።

ይህ ቁጥር ወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር እንዳይመስልዎ። የኤኤምዲው አርኤክስ 6400 53 ዋት ብቻ የሚበላ፣ ለጠባብ ኬዝ የተሠራ የሚመስል ካርድ ነው። ሆኖም የሚጠቀመው አራት መስመር ብቻ ነው። በተሠራለት 4.0 ማስገቢያ በሰከንድ 8 ጊጋባይት ያገኛል፤ በ3.0 ላይ 4፣ በ2.0 ላይ 2 ብቻ። የራሱ 4 ጊጋባይት ራም ሲሞላበት ከዋናው ራም ለመበደር የሚሄድበት መንገድ ይህ ስለሆነ በአሮጌ ማሽን ላይ ይንገዳገዳል። በዚያ ላይ ቪዲዮ የሚያምቅ ክፍል የለውም። ለቪዲዮ አቀናባሪ ስለዚህ አልመክረውም።

የኢንቴሉ አርክ ኤ380ም በዋጋውና በ6 ጊጋባይት ራሙ ያጓጓል። ኢንቴል ራሱ ግን ሪሳይዘብል ባር የሚባለው አሠራር በማዘርቦርዱ ላይ እንዲኖር ይጠይቃል፤ በአራተኛው ትውልድ የቢሮ ማሽኖች ላይ ይህ የለም፤ ያለ እሱ ደግሞ የካርዱ ፍጥነት ክፉኛ ይወርዳል። ለአዲስ ማሽን ጥሩ፣ ለአሮጌ የማይሆን ካርድ ነው።

ታዲያ የትኛው?

ታወር ኬዝ ያለው፣ ከሦስተኛው ትውልድ ጀምሮ ያለ ፕሮሰሰር የያዘ ሰው አዲስ ካርድ ለመግዛት አቅሙ ካለው ምርጫዬ አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋባይቱ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ወጣ፤ 70 ዋት ይበላል፤ ተጨማሪ ገመድ አይፈልግም። ጥንቃቄ የሚሻው ስሙ ነው፦ ባለ 8 ጊጋባይቱ 3050 ሌላ ካርድ ነው፤ 130 ዋት ይበላል፤ ገመድም ይጠይቃል። ሻጩ "3050 ነው" ሲልዎት የራሙን መጠን ሳይጠይቁ አይለፉ።

ያገለገለ ለሚገዛ ጂቲኤክስ 1650 ይቀድማል። 75 ዋት፣ 4 ጊጋባይት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ። አንዳንድ አምራቾች ባለ 6 ፒን ገመድ የሚጠይቅ ዓይነት ስላወጡ የካርዱን ጫፍ በዓይንዎ ይዩት። ራሙ ጂዲዲአር6 የሆነው ከጂዲዲአር5ቱ ይፈጥናል። 1050 ቲአይ ከዚህ ይረክሳል፤ ግን ኤንቪዲያ ለዚያ ትውልድ ካርዶች መደበኛ ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ማውጣቱን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አቁሟል፤ የሚቀጥለው እስከ 2028 የደኅንነት ማስተካከያ ብቻ ነው። ዛሬ ይሠራል፤ ነገ ለሚወጣው ሶፍትዌር ግን ዋስትና የለውም። የዋጋው ልዩነት ጥቂት ከሆነ 1650ውን ይውሰዱ።

ለጠባቡ ኬዝ ብዙዎች የማያስታውሱት ጥሩ ምንጭ የባለሙያ ማሽኖች ካርድ ነው። ኤንቪዲያ ቲ1000 የጂቲኤክስ 1650ን ያህል 896 የማስሊያ ክፍሎች አሉት፤ 50 ዋት ብቻ ይበላል፤ አጭርም ቀጭንም ነው። ቲ600 ወንድሙ 40 ዋት ይበላል። ኳድሮ ፒ1000 ከእነሱ የቀደመ፣ 47 ዋት የሚበላ፣ ከቢሮ ዕቃ ጋር አብሮ የሚገኝ ነው። ሦስቱም የሚጠቀሙት ትንሹን ዲስፕሌይፖርት የሚባለውን የሞኒተር መሰኪያ ስለሆነ መቀየሪያውን አብረው ይጠይቁ።

ጂቲ 710ና ጂቲ 730 ለዚህ ሥራ ገንዘብ የሚወጣባቸው አይደሉም። ጂቲ 1030ም ሁለት መልክ አለው፦ ጂዲዲአር5 ያለው በሰከንድ 48 ጊጋባይት ሲያመላልስ ዲዲአር4 ያለው ከ17 አይበልጥም፤ ስሙ ግን አንድ ነው። ሁለቱም ቪዲዮ የሚያምቅ ክፍል የላቸውም።

ኃይለኛ ካርድ በአሮጌ ፕሮሰሰር ላይ መጫንም አይመከርም። አራት ኮር ያለው አይ5 4590 ከሚያቀርበው በላይ ካርዱ ሊሥል አይችልም፤ በፈጣን ጠማቂና በቀርፋፋ ቀጂ መካከል እንዳለ የጠላ ቤት፣ ጠርሙሱ የሚሞላው በቀርፋፋው ልክ ነው። ሁለተኛው ትውልድና ከዚያ በፊት ያለ ማሽን ካለዎት ደግሞ ካርድ ባይገዙለት ይሻላል። የማዘርቦርዱ የቆየ ባዮስ (ማሽኑን የሚያስነሣው ውስጣዊ ፕሮግራም) አዲስ ካርድ ሲሰካበት ጭራሽ ላይነሣ ይችላል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በኩል የሚቀበለው በመሠረቱ ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ነው። ለካርድ ያሰቡት ገንዘብ አሮጌውን ማሽን ሸጠው ስምንተኛ ትውልድ ለመግዛት ከበቃ እሱን ያስቀድሙ።

ሐሰተኛ ካርድ

በገበያው ላይ በስሙ 1050 ቲአይ የሚባል፣ በውስጡ ግን ከብዙ ዓመት በፊት የወጣ ጂቲኤስ 450 ወይም 550 ቲአይ የሆነ ካርድ አለ። አታላዮቹ የካርዱን ባዮስ ለውጠው ዊንዶውስ ራሱ 1050 ቲአይ ብሎ እንዲጠራው ያደርጋሉ። የሚያጋልጠው አንዱ ምልክት ሰማያዊው የቪጂኤ መሰኪያ ነው። የ1050 ትውልድ ቺፖች የቪጂኤን ሲግናል በራሳቸው አያወጡም፤ ስለዚህ ቪጂኤ ያለው 1050 ቲአይ ሲያዩ ይጠርጥሩ።

ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ ጂፒዩ ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም እንዲከፍት ይጠይቁ። ሐሰተኛ ካርድን ሲያውቀው ከስሙ ፊት ፌክ የሚል ቃል ያሰፍራል። የማስሊያ ክፍሎቹንም ብዛት ይቁጠሩ፦ ትክክለኛው 1050 ቲአይ 768፣ 1650 ደግሞ 896 አለው። ከዚያ ፈርማርክ በሚባለው ፕሮግራም አሥር ደቂቃ ያህል ያስጨንቁት። ምስሉ ላይ ነጠብጣብ ወይም መስመር ከታየ፣ ስክሪኑ ከጠፋ፣ ሙቀቱ ከ85 ዲግሪ እያለፈ ከሄደ ይተዉት። ይህን ለማሳየት ፈቃደኛ ያልሆነ ሻጭ ዋጋው ምንም ቢረክስ አይገዛም።

ካርዱን ሲያስገቡ

ከኬዙ ብረት ጋር እጅዎን አነካክተው የሰውነትዎን ኤሌክትሪክ ያራግፉ፤ ካርዱን ቀጥ አድርገው እስኪቆልፍ ይጫኑት፤ ብሎኑን ይሰሩ። የሞኒተሩን ገመድ ከማዘርቦርዱ ነቅለው ወደ ካርዱ ያዛውሩ፤ ይህን የሚረሱ ብዙ ናቸው፤ ካርዱ ተሰክቶ ሥራውን አሁንም አሮጌው ግራፊክስ ይሠራል።

ሞኒተርዎ ቪጂኤ ብቻ ከሆነ ከኤችዲኤምአይ ወይም ከዲስፕሌይፖርት ወደ ቪጂኤ ሲግናሉን የሚለውጥ፣ በውስጡ ቺፕ ያለው መቀየሪያ ያስፈልጋል። ቺፕ የሌለው ከዲቪአይ ወደ ቪጂኤ የሚያገናኘው ርካሽ ቁራጭ በእነዚህ ካርዶች ላይ አይሠራም።

ድራይቨሩን ከካርዱ አምራች ድረ ገጽ ያውርዱ፤ ብዙ መቶ ሜጋባይት ስለሆነ ጥሩ ኢንተርኔት ካለበት ቦታ በፍላሽ ይዘው ቢመጡ ይቀልዎታል። ኮምፒውተሩ ድምፅ አሰምቶ ስክሪኑ ጨለማ ከቀረ ካርዱን ተበላሽቷል ብለው አይመልሱት፤ አስቀድመው ያውጡት፣ በድሮው ግራፊክስ ያስነሡት፣ የማዘርቦርዱን ባዮስ ከአምራቹ ገጽ ላይ ባለው የመጨረሻ እትም ያድሱትና እንደገና ይሞክሩ። ባዮስ በሚታደስበት ጊዜ መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱ ሊበላሽ ስለሚችል በዩፒኤስ ላይ እያለ ብቻ ይሠራ።